የስሪዲ አልትራሳውንድ ክፍያ ምን ይገዛል?

ሁለተኛ ልጄን አርግዤ ሳለሁ፣ በአዲስ አበባ በሚገኙ ሁለት የግል የምርመራ ማዕከላት፣ በአሥራ አንድ ቀናት ልዩነት፣ ባለሦስት አውታር አልትራሳውንድ፣ ማለትም በተለምዶ «ስሪዲ» የምንለውን ምርመራ አደረግሁ። ከመጀመሪያው ማዕከል ይዤ የወጣሁት ያማረ ፎቶና ሦስት መስመር ብቻ ያለው፣ እንቅልፍ የሚነሣ ሪፖርት ነበር፤ ከሁለተኛው ይዤ የወጣሁት ደግሞ ለዘመድ የማይታይ ደብዛዛ ምስልና አንድ ገጽ ሙሉ መልስ ነው። የማዕከላቱን ስም ትቻለሁ። የእኔን ታሪክ የሰሙ ሴቶች በሌሎች ቤቶች ተመሳሳይ ነገር እንደገጠማቸው ስለነገሩኝ፣ የአንዱን ስም ማንሣት የቀሩትን ነጻ ማውጣት ይሆንብኛል።

መጀመሪያውኑ ምርመራውን ያዘዘልኝ ሐኪም አልነበረም። በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖረው ታናሽ እኅቴ እርጉዝ በነበረችበት ጊዜ የልጇን ፊት በማር ቀለም የሚያሳይ ምስል በቤተሰባችን የቴሌግራም ቡድን ላይ ለጥፋ ነበር። እናቴ መነጽሯን አድርጋ ምስሉን ለረጅም ጊዜ ካየችው በኋላ «አፍንጫው የአባታችሁ ነው» ብላ ፈረደች፤ እኔም ተራዬ ሲደርስ ይህ ፍርድ እንዳይቀርብኝ ተመኘሁ። የእኅቴ ምስል የተነሣው ለማስታወሻ ፎቶ ብቻ በተከፈተ ስቱዲዮ እንጂ በሆስፒታል እንዳልነበረ ያወቅሁት ኋላ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ያለ ሕክምና ምክንያት፣ ለማስታወሻ ብቻ የሚነሣ የፅንስ አልትራሳውንድ እንዲቀር በይፋ ሲመክር ኖሯል፤ እኛ ቤት ግን ይህን ያነበበ ሰው አልነበረም።

የመጀመሪያው ማዕከል አቀባበል የሚነቀፍ አይደለም። ቀጠሮዬ ሳይዛነፍ ገባሁ፤ ክፍሉ ንጹሕ ነበር፤ በግድግዳው ላይ ከአልጋው ፊት ለፊት ትልቅ ስክሪን ስለተሰቀለ አንገቴን ሳላጣምም ሁሉን እከታተል ነበር። ባለቤቴና እናቴም አብረውኝ እንዲገቡ ፈቀዱ። 28ኛው ሳምንት ላይ ስለነበርሁ ጊዜው ተስማሚ እንደሆነ ባለሙያው ነገረን፤ ትክክልም ነበር፤ ከ26ኛው እስከ 30ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ የፅንሱ ፊት ሥጋ ይዟል፣ በፊቱና በማኅፀኑ ግድግዳ መካከልም ለምስሉ የሚበቃ የሽርት ውኃ በአብዛኛው ይገኛል። ልጁ ግን ጀርባውን ሰጥቶ፣ እጁንም ከግንባሩ ላይ ጭኖ ተኝቶ ነበር። በደረጃው ወጥቼ ወርጄ እንድመለስ፣ ጣፋጭም እንድቀምስ ተነገረኝ፤ ተመለስሁ፤ እንደገና ተፈለገ። ፊቱ በዚያ ቀን ባይገኝ በሳምንቱ ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንደሚደግሙልኝ መናገራቸውን እንደ ደግነት እቆጥረዋለሁ። መሣሪያው ሆዴ ላይ የቆየው ግን አርባ ደቂቃ ያህል ነበር፤ ወደዚህ ነጥብ እመለሳለሁ። ሳንጠይቅም «ወንድ ነው» ተብሎ በጮክታ ተነገረን። ባለቤቴ እስኪወለድ ባያውቅ ይመርጥ ነበር፤ አንድ ጊዜ መጠየቅ ምን ይከብዳል?

ምስሉ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ በኋላ የገጠመኝን ለመረዳት ስለሚጠቅም ጥቂት ልበል። ተራው አልትራሳውንድ ጆሮ የማይሰማውን ድምፅ ወደ ሰውነት ልኮ የገደል ማሚቶውን ይቀበላል፤ ድምፁ በለስላሳ የሰውነት ክፍል ውስጥ በሴኮንድ 1540 ሜትር ያህል እንደሚጓዝ ስለሚታሰብ፣ ማሚቶው የፈጀው ጊዜ ወደ ርቀት ይለወጣል። ኢያን ዶናልድ፣ ጆን ማክቪካርና መሐንዲሱ ቶም ብራውን ከግላስጎው የሆድ ውስጥ እብጠቶችንና የፅንስን ምስል ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1958 ነው። የሚገኘው ምስል አንድ ስስ ቁራጭ፣ ዳቦ በቢላዋ ሲቆረጥ ፊቱ እንደሚታየው ያለ ነው። ስሪዲ ደግሞ በእጀታው ውስጥ ባለ አነስተኛ ሞተር እየተወዛወዘ ብዙ ቁራጮችን በተከታታይ ያነሣና ኮምፒውተሩ ዳቦውን መልሶ እንዲገጥመው ያደርጋል። በዚህ መንገድ የፅንስ ምስል በማውጣት ስሙ የሚነሣው የጃፓኑ ሐኪም ካዙኖሪ ባባ ሲሆን፣ ሥራው የ1980ዎቹ አጋማሽ ነው፤ ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1989 ክሬትዝቴክኒክ ከተባለው የኦስትሪያ ኩባንያ ወጣ። ሕዝቡ «ፎርዲ» የሚለው ይኸው ምስል ሲንቀሳቀስ ነው።

እንግዲህ ከስክሪኑ ላይ የምናየው የማር ቀለም ያለው ፊት ካሜራ ያነሣው ፎቶ አይደለም። ቀለሙን የሰጠው ኮምፒውተሩ ነው፤ ብርሃንና ጥላውንም እርሱ ቀብቶታል። የትኛው ማሚቶ እንደ ቆዳ ይቆጠር፣ የትኛው ይጣል የሚለውን የሚወስነው ባለሙያው የሚያዞረው ቁልፍ ነው። ቁልፉ ጥቂት ካለፈ ስስ ቆዳ ይጠፋና በጤነኛ ፊት ላይ ቀዳዳ ይከፈታል፤ በፊቱ ፊት ለፊት እትብት ወይም ጣት ቢያልፍ ደግሞ ጥላው ከቆዳው ላይ እንደ ስንጥቅ ያርፋል። ይህን የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ አሥራ አንድ ሌሊት ባልነቃሁ ነበር።

ምክንያቱም ልጁ በመጨረሻ ዞሮ ፊቱ ሲገለጥ፣ ከአፍንጫው ቀዳዳ እስከ ላይኛው ከንፈሩ የሚወርድ ጥቁር መስመር ታየ። ባለሙያው ዝም አለ። እናቴ ዝምታውን ከእኔ ቀድማ ሰማችው፤ ቀስ ብላም «ምንድን ነው እሱ ልጄ?» አለችው። «ምንም አይደለም እናቴ፣ ሐኪሟ ታየዋለች» ብሎ ሌላ ፎቶ ማተም ቀጠለ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የተሰጠኝ ሪፖርት የልጁን የልብ ምት፣ የሚገመት ክብደቱንና አንድ ዐረፍተ ነገር ይዟል፦ «የላይኛው ከንፈር አጠራጣሪ፣ ክትትል ይመከራል።» ምን ያህል አጠራጣሪ እንደሆነ፣ በየትኛው ወገን እንዳለ፣ ላንቃው ታይቶ እንደሆነ ወይም እንዳልታየ፣ በተራው ባለሁለት አውታር ምስል ተረጋግጦ እንደሆነ አንድም ቃል የለም። እንግዴ ልጁ የት እንዳረፈ፣ የሽርት ውኃው መጠን ስንት እንደሆነም አልተጻፈም። የፈረመው ሰው ስምም ሆነ ሙያ አይነበብም።

በዚያው ሪፖርት ላይ የመውለጃ ቀኔም በአሥራ ሁለት ቀን ተገፍቶ ተጽፎ ነበር። ይህ ከከንፈሩ ጉዳይ ያነሰ ቢመስልም ጉዳቱ ቀላል አይደለም፤ ቀን አልፎባታል ተብሎ ያለ ጊዜዋ ምጥ የሚጀመርላት ወይም አላለፈባትም ተብሎ የምትዘገይ ሴት መነሻዋ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ወረቀት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የፅንሱ ቁመት ከአናቱ እስከ መቀመጫው ሲለካ ስሕተቱ ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ገደማ ነው፤ ከ28ኛው ሳምንት በኋላ ግን ልጆች በተፈጥሮአቸው ስለሚለያዩ ስሕተቱ ሦስት ሳምንት ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን ይጸናል፤ የኋላው ልኬት የልጁን ዕድገት ይናገራል። እኔ የ9ኛ ሳምንት ውጤቴን ይዤ ሄጄ ነበር፤ ማንም አልጠየቀኝም። በተቀባይዋ ጠረጴዛ ላይ የመጨረሻ የወር አበባዬን ቀን «ከኪዳነ ምሕረት ማግስት» ብዬ ስነግራት፣ በጣቷ ቆጥራ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር መለሰችውና መሣሪያው ላይ ጻፈችው። ሠላሳ ሠላሳውን ወራችንንና ጳጉሜንን እያሰሉ ወደ ሌላ አቆጣጠር ማሻገር ለሁላችንም አስቸጋሪ ስለሆነ፣ እናቶች ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጽፈው ይዘው ቢሄዱ ይሻላል።

ሐኪሜ ወረቀቱን ስታየው መጀመሪያ የጠየቀችኝ ፎቶውን ሳይሆን ሙሉውን የስሪዲ መረጃ ነበር። ከማዕከሉ በፍላሽ የተሰጠኝ አሥራ ሁለት ፎቶና አጭር ቪዲዮ ብቻ ነው። ስደውል «ጥሬውን መረጃ አናስቀምጥም፣ ቦታ ይይዛል» ተባልሁ። እዚህ ላይ ነው የከፈልሁበትን ነገር ያላገኘሁት። የስሪዲ ትልቁ ጥቅም እናቲቱ ከአልጋው ከወረደች በኋላም ዳቦውን በፈለጉት አቅጣጫ እንደገና መቁረጥ መቻሉ ነው፤ አንድ ራዲዮሎጂስት መረጃውን ከፍቶ ከፊት፣ ከጎን፣ ከላይ ሊያየው፣ ሲቸግረውም ለሌላ ከተማ ባልደረባው ሊልከው ይችላል። ፎቶው ብቻ ከቀረ ቁራጩ ደርቋል፤ ከዚያ ሌላ ምንም አይወጣም።

ወደ ሁለተኛው ማዕከል የሄድሁት በሐኪሜ የላኪ ደብዳቤ ሲሆን፣ ደብዳቤው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረው፦ ከንፈሩና የላይኛው ድድ ሙሉ ነው ወይ? መሣሪያው ከመጀመሪያው ማዕከል ጋር አንድ ዓይነት፣ ያው ቮሉሰን የተባለው የአልትራሳውንድ መሣሪያ ነው። ክፍሉ ጠባብ፣ ጄሉ ቀዝቃዛ፣ የግድግዳ ስክሪንም የለም። የተቀበሉኝ በዕድሜ የገፉ ራዲዮሎጂስት «ልጄ፣ መጀመሪያ በተራው ልየው፣ ስሪዲው ኋላ ይመጣል» አሉኝ። ሩብ ሰዓት ያህል በባለሁለት አውታር ምስል ጭንቅላቱን፣ ዓይኖቹን፣ አፍንጫውንና ከንፈሩን ከፊት ለፊት እየቆረጡ አዩ። እትብቱ ከአገጩ ሥር አልፎ ወደ ጉንጩ ይወጣ ነበር። ልጁ ራሱን ሲያነቃንቅ እትብቱ ከአፉ ፊት መጣ፤ ስሪዲውን ሲከፍቱትም ያው ጥቁር መስመር፣ ያው የሰጋሁለት ስንጥቅ በስክሪኑ ላይ ተመልሶ ታየ። ደም መመላለሱን በቀለም የሚያሳየውን ዶፕለር ለአጭር ጊዜ ሲያበሩት ቀይና ሰማያዊ ቀለም ጠመዝማዛ ሆኖ በራ። «ይኸው ስንጥቅሽ፣ እትብት ነው» አሉኝ። ቀጥለው በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ አንድ መረጃ ወስደው እጀታውን ከሆዴ አነሡና፣ ሆዴን እየጠረግሁ ሳለሁ እርሳቸው በስክሪኑ ላይ ቁራጮቹን አንድ በአንድ እየገለጡ የላይኛው ድድ ቅስት ሳይቋረጥ ከዳር እስከ ዳር መሄዱን አሳዩኝ። ሪፖርታቸው ከንፈሩና ድዱ ሙሉ መሆኑን፣ ከኋላ ያለው ለስላሳ ላንቃ ግን በልጁ አቀማመጥ ምክንያት አጥጋቢ ሆኖ እንዳልታየ ይገልጻል። ያልታየውን አልታየም ብሎ መጻፍ ምን ያህል እንደሚያሳርፍ ከዚያ ቀን በፊት አላውቅም ነበር።

ከእርሳቸው ጋር ባደረግነው አጭር ንግግርና ከዚያ ወዲህ ካነበብሁት እንደተረዳሁት፣ ስሪዲ ዋጋ የሚኖረው አስቀድሞ የተነሣ ጥያቄ ሲኖር ነው። የከንፈርና የድድ መሰንጠቅ ሲጠረጠር ስፋቱንና ወገኑን ያሳያል፤ ወላጆችም ቀዶ ሕክምናው ምን እንደሚመስል ከመወለዱ በፊት ከሐኪም ጋር እንዲነጋገሩ ይረዳል። የጀርባ አጥንት ጉድለት ሲኖር ክፍተቱ ከየትኛው አከርካሪ እንደሚጀምር ለመቁጠር ይጠቅማል፤ ይህም ልጁ ወደፊት እግሩን ምን ያህል ሊያንቀሳቅስ እንደሚችል ለመገመት መነሻ ነው። የእጅና የእግር ጣቶች ጉድለትንም አጉልቶ ያሳያል። ጉድለቱን መጀመሪያ የሚያገኘው ግን አብዛኛውን ጊዜ ተራው አልትራሳውንድ ነው። በሀገራችን በብዛት ከሚታዩት የተፈጥሮ ጉድለቶች አንዱ የሆነው የነርቭ ዘንግ ጉድለት በ20ኛው ሳምንት ገደማ የሚጠረጠረው ብዙ ጊዜ ከራስ ቅሉ ምስል ነው፤ ግንባሩ ከሁለት ወገን ተጨፍልቆ ሎሚ ሲመስል፣ ትንሹ አንጎልም ተጎትቶ ሙዝ ሲመስል ሐኪሞቹ ወደ ጀርባው ይዞራሉ። ሎሚውም ሙዙም የሚታዩት በአንድ ስስ ቁራጭ ላይ ነው፤ ለዚያ የማር ቀለም አያስፈልግም። የነርቭ ዘንጉ የሚዘጋው በፅንሱ የመጀመሪያ አራት ሳምንታት ውስጥ በመሆኑም፣ ፎሊክ አሲድ መጀመር ያለበት ከእርግዝናው በፊት እንደሆነ በዚህ አጋጣሚ ባነሣው አይከፋም፤ በ28ኛው ሳምንት ላይ ለፎቶ ከሚወጣው ገንዘብ ይልቅ ያቺ ርካሽ ክኒን ብዙ ትሠራለች።

ስለ ደኅንነቱ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። አልትራሳውንድ ጨረር የለውም፤ ለምርመራ በሚውልበት መጠን በሰው ፅንስ ላይ ጉዳት ማድረሱ አልተረጋገጠም። ይሁንና ድምፁ በሰውነት ውስጥ ሲጠፋ በጥቂቱ ሙቀት ይሆናል፤ ስለዚህ የሙያው ደንብ ለጥያቄው መልስ የሚበቃውን ያህል ብቻ፣ በትንሹ ኃይልና በአጭሩ ጊዜ ተጠቀሙ የሚል ነው። ስሪዲ በራሱ ከተራው የበለጠ ኃይል ይልካል ማለት አይደለም፤ እንዲያውም መረጃውን በሴኮንዶች ስለሚወስድ በሰለጠነ እጅ ጊዜ ይቆጥባል። በመጀመሪያው ማዕከል ያሳለፍኋቸው አርባ ደቂቃዎች የፈጁት ግን ለምርመራ ሳይሆን ልጁ ፈገግ እስኪል ነበር። በዚህ ላይ ቅሬታዬ ጽኑ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው የቅድመ ወሊድ ክትትል ምክረ ሐሳብ፣ እያንዳንዷ ነፍሰ ጡር 24 ሳምንት ሳይሞላት አንድ ጊዜ አልትራሳውንድ እንድትታይ ይላል፤ የእርግዝናውን ዕድሜ ለማወቅ፣ መንታን ለመለየትና ጉድለትን ለመፈለግ። ለዚህ ሁሉ ተራው መሣሪያ ይበቃል። የመጀመሪያ ልጄን ሳረግዝ በመንግሥት ጤና ጣቢያ የታየሁት በአሮጌ ባለሁለት አውታር መሣሪያ ነበር፤ ያየችኝ አዋላጅ ነርስ ፎቶ አልሰጠችኝም፣ እንግዴ ልጁ የት እንዳረፈና ሁሉም ነገር በሳምንቱ ልክ መሆኑን ግን በእጇ ጽፋ ከካርዴ ጋር አያያዘችልኝ። ከሦስቱ ወረቀቶቼ የእርሷን ከሁለተኛው ማዕከል ሪፖርት ቀጥዬ አስቀምጠዋለሁ፤ የማር ቀለሙን ፎቶ ከያዘው ግን አስቀድመዋለሁ።

ስለ ዋጋው፣ የመጀመሪያው ማዕከል ከተራው አልትራሳውንድ ሦስት እጥፍ ያህል አስከፍሎኛል፤ ሁለተኛው ከዚያ በጥቂቱ ያንሳል። ፎቶ ብቻ የሚፈልግ ሰው የመጀመሪያውን ማዕከል ቢመርጥ ምስሉ አያሳፍረውም፤ ከመሄዱ በፊት ግን የ20ኛው ሳምንት ሙሉ ምርመራ መደረጉን ያረጋግጥ፣ ሪፖርቱን የሚፈርመው ማን እንደሆነ፣ ጥሬው መረጃ ይቀመጥ እንደሆነ በስልክ ይጠይቅ። ፎቶው የሚታተመው በሙቀት በሚጠቁር ወረቀት ላይ ስለሆነም ከፀሐይና ከምድጃ ካልራቀ ይደበዝዛል፤ በፍላሽ መቀበል ይሻላል። ሐኪም ጥያቄ ጽፎ የላከው ሰው ደግሞ ጠባቡን ክፍልና ቀዝቃዛውን ጄል ይታገሥ። ለመጀመሪያው ከአምስት ሁለት፣ ለሁለተኛው አራት ተኩል እሰጣለሁ፤ ግማሿን የቀነስሁት ወረፋው ሦስት ሰዓት ስለፈጀ ነው።

ልጁ ከ9ኛው ሳምንት ልኬት በሁለት ቀን ቀድሞ፣ ከንፈሩም ላንቃውም ሙሉ ሆኖ ተወለደ። ከአራስ ቤት ከወጣሁ በኋላ ሁለቱን ሪፖርቶች ይዤ ወደ መጀመሪያው ማዕከል ሄድሁ። ሥራ አስኪያጁ በትሕትና ተቀበሉኝ፤ የሁለተኛውን ሪፖርት ኮፒ አደረጉ፤ «ይህን ባለማብራራታችን እናዝናለን» አሉ። በቅጻቸው ላይ «ያልታየ» የሚል አንድ መስመርና የፈራሚው ስም የሚጻፍበት ቦታ እንዲጨምሩ ጠየቅኋቸው። ቅጹ የታተመው ለዓመት እንደሆነ፣ ሲያልቅ እንደሚያስቡበት ነገሩኝ።